ጄኔሬተሩን አጥፊና ጀምሪ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚህ ጁባ ሱቄ መጥተሽ ያስቀመጥሽልኝን ስክሪፕት አነበብኩት። ያነበብኩት ማታ፣ የደንበኛ ጄኔሬተር እየፈተሽኩ በባትሪ ብርሃን ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው የዘይት እድፍ የእኔ ነውና ይቅር በዪኝ። "ጋሼ፣ ስለ ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬ ሕይወት የቴሌቪዥን ፊልም ልሠራ ነው፤ እርስዎ ቴአትር ቤት ሠርተዋል፣ ይምከሩኝ" አልሽኝ። እኔ ቴአትር ቤት የሠራሁት መብራት ሰቃይ ሆኜ ነው። ድራማን ከመሰላል ላይ ያየ ሰው ብዙ የሚያውቀው የተዋናዩን መላጣና ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ንትርክ ነውና ምክሬን በዚያው ልክ ተቀበዪው። ቁጥር የሰጠሁትም ስንነጋገር እንዳይጠፋብን ብዬ ነው፤ አንደኛው ከአምስተኛው ይበልጣል ማለቴ አይደለም።

1. ከኮርያ አትጀምሪ

መክፈቻሽ ላይ ተራራ አለ፣ ጭስ አለ፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደር አለ። አባባ ተስፋዬ ኮርያ ዘምተው ወታደሩን ያዝናኑ እንደነበር እውነት ነው። ግን ጭሱን ጁባ ላይ ከየት ልታመጪው ነው? ጎማ አቃጥለሽ? የጥይት ድምፅስ? በፈረንጆቹ የ2013ን ታኅሣሥና የ2016ን ሐምሌ ውጊያ እዚህ ያሳለፈ ሰው አጥር ለአጥር ጎረቤትሽ ነው። በዚህ ከተማ ተኩስ ለጨዋታ አይመሰልም። ልጆቹን ይዞ አልጋ ሥር ቢገባ ማን ይቅርታ ይጠይቀዋል?

ደግሞስ እሳቸው ለእኛ የተወለዱት ኮርያ መች ሆነና! ለእኛ የተወለዱት ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1964 ነው። እኔ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የልጆች ጊዜ ሲደርስ የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ቆመው እግር ያያሉ፤ ጭቃ የያዘ ወደ ቧንቧ ይመለሳል፣ የታጠበ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚጠብቀን። ዳንቴሉን የሚያነሡት እመቤቷ ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው እንኳ አይነካም። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ "እስኪሞቅ ጠብቁ" እንባላለን። ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ቀስ እያለ ከጨለማው ይወጣል።

"ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!" አባባ ተስፋዬ ሲሉ እኛ ከወለሉ ብድግ ብለን እጅ እንነሣለን። ያልተነሣ ልጅ ከጎኑ ባለው ይጎሸማል። የሚያዩን ይመስለን ነበራ! እኔ ሸሚዜ ብብቱ ላይ የተቀደደ ስለነበር ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ነበር የማጎነብሰው፣ ቀዳዳውን እንዳያዩብኝ። አንድ ቀን ዳቦ በእጄ ይዤ ስለነበር ክንዴን ማጣበቅ ረሳሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አደረ፣ አባባ ተስፋዬ አዩብኝ ብዬ።

እኔ ብሆን ካሜራውን የማስቀምጠው እዚያ ክንድ ላይ ነው። አንቺ ግን በስክሪፕትሽ ውስጥ ተረት የሚሰማ ልጅ አንድም ቦታ አላስገባሽም። ተሸላሚው አለ፣ ዘማቹ አለ፣ ተዋናዩ አለ፤ ሰሚ የለም። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም፤ ይህን እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም።

2. ሌሎች የሠሩትን እዪ፣ ግን እንደ መካኒክ እዪ

ሞተር ፈትቶ የማያውቅ ሰው "ጥሩ መኪና ነው" ብሎ ያልፋል። አንቺ ፍቺው። ፈረንጆቹ ለልጆች ምናባዊ ታሪክ የጻፉ ደራስያንን ሕይወት ወደ ቴሌቪዥን ማምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ፒተር ፓንን ስለጻፈው ባሪ ቢቢሲ በ1978 "ዘ ሎስት ቦይስ" የሚል በሦስት ክፍል ሠራ። የኦዝን ጠንቋይ ስለጻፈው ባውም አሜሪካኖቹ በ1990 ሠሩ። የሃሪ ፖተሯን ደራሲ በሕይወት እያለች፣ ያለ እሷ ፈቃድ፣ በ2011 ሠሩባት። የመጨረሻው የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል፤ ሁሉም ሰው ሙሽራዋ እንደምትደርስ አስቀድሞ ያውቃል፣ እንቅፋቱም የሚያደናቅፍ አይደለም። አንቺ የሠርግ ቪዲዮ ቀርፀሽ ስለምትበዪ ነገሩ ይገባሻል።

ሁለቱን ግን ደጋግመሽ እዪልኝ። አንደኛው የ1985ቱ "ሻዶውላንድስ" ነው፤ ናርኒያን ስለጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ። የሚገርመኝ፣ በፊልሙ ውስጥ አንበሳውም ቁም ሣጥኑም አይፈነጩም። ያለው አንድ በዕድሜ የገፋ ወንደላጤ መምህር፣ ከአሜሪካ የመጣች ጆይ የምትባል ሴትና የሚገድላት ካንሰር ነው። ጆይ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። የቴሌቪዥኑ ፊልም ሁለቱንም አስገባ። በ1993 አንቶኒ ሆፕኪንስ የተጫወተበት የሲኒማው ሥራ ሲመጣ ግን አንዱን ብቻ አስቀረ። ታሪኩ እንዲጠብቅ ብለው ነው፣ ለሙያውም ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ግን አስቢው፤ በእናትህ ሞት ፊልም ውስጥ አንተ የለህም ተብሎ የተቀመጠ ሰው አለ። አንቺም ከሰባተኛው ገጽ ላይ የቀነስሻቸው የአባባ ተስፋዬ የሥራ ባልደረቦች ልጅ አላቸው፣ የልጅ ልጅ አላቸው።

ሁለተኛው የ2009ኙ "ኢኒድ" ነው። ኢኒድ ብላይተን በመቶ የሚቆጠር የልጆች መጽሐፍ የጻፈች ሴት ናት፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ታላቂቱ ደግ እናት ነበረች አለች፤ ታናሺቱ ደግሞ ቀዝቃዛና ጨካኝ ነበረች ብላ መጽሐፍ ጻፈች። ፊልሙ ወደ ታናሺቱ አደላ። ለአንባቢዎቿ ልጆች ሻይና ኬክ ስታቀርብ የራሷ ልጆች ከዳር ሆነው ያያሉ። ጥሩ ትዕይንት ነው፣ ሆድ ይበላል። ግን አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ሁለት ልጆች ስለ አንዲት እናት ሳይስማሙ፣ ካሜራ የያዘ እንግዳ ዳኛ ሆነ። አንቺ ዳኛ አትሁኚ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገረሽ ሁለቱንም አስገቢ፤ ተመልካቹ ራሱ ይከራከር።

3. ሐውልት አታቁሚ

ስለ ትልቅ ሰው ስንናገር ወገባችን ጎንበስ ይላል፤ ልማድ ነው። ስክሪፕትሽም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። አባባ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወልደው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ያረፉ የ94 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ አንድ ቀን አልተቆጡም? አንድ ቀን አልደከማቸውም?

የልጆቹን ፕሮግራም 42 ዓመት ካቀረቡ በኋላ የተለዩት በአንድ ተረት ላይ በተነሣ ቅሬታ መሆኑን ደግሞ አንቺ በአንድ መስመር ዘለልሽው። አትዝለዪው፤ ችሎት አድርጊውም አላልኩም። ተረት ከቀድሞ ዘመን የመጣ ስለሆነ የቀድሞውን ዘመን ስድብም ተሸክሞ ይመጣል። ሴቷ ሞኝ፣ የዚያ አገር ሰው ሌባ፣ ጥቁሩ ደግሞ… ይኼን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። እዚህ ጁባ ተቀምጠን፣ በአገሬው ሰዎች ውኃ ታጥበን፣ በእነሱ ገበያ ነግደን፣ በራሳችን ቋንቋ የቆዳ ቀለም ላይ የምንስቅ ሐበሾች አለን። አይሰሙንም ብለን ነው። ይሰሙናል! በኢትዮጵያ፣ በኢታንግና በፒኝዶ የስደተኞች መጠለያ ያደገው ሰው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ አማርኛውም ከአንቺ አማርኛ የጠራ ነው።

እንዲያውም አንዱን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት አንድ የዚህ አገር ሰው ጄኔሬተር ሊያሠራ መጣ፤ ረጅም፣ ጸጥ ያለ፣ ግንባሩ ላይ የባህሉ መሥመር ያለበት። ከረዳቴ ጋር በአማርኛ እየተቀላለድን ነበር፣ ስለ እሱ ቁመት። ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ቆጥሮ ሰጠኝና "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" አለ፣ በዚያ በአባባ ተስፋዬ ድምፅ። ክው አልኩ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ይማር ነበር፤ የሚያየው በመስኮት ነው፣ ከውጭ ቆሞ። "መስኮቱ ሲዘጋብኝ ድምፁን ብቻ እሰማ ነበር" አለኝ። ማን እንደሚዘጋበት አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ረዳቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ባለበት አማርኛ ሲናገር ይጠነቀቃል። እኔም።

መስኮቱን ፊልምሽ ውስጥ አስገቢው። የመጣሁበት ነገር ይኼ ነው ማለት ይቻላል።

4. ፈቃድ

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ ቤተሰብ። ስልክ ደውለሽ ሳይሆን ሰው ልከሽ፣ ቢቻል ራስሽ አዲስ አበባ ሄደሽ፣ ቡና አስፈልተሽ፤ ካሜራውን በመጀመሪያው ቀን ከቦርሳ አታውጪ። ሁለተኛ የድሮው ምስል። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሽው ቁራጭ የማንም ያልሆነ እንዳይመስልሽ፤ ባለቤት አለው፣ በደብዳቤ ይጠየቃል፣ መልስ ይዘገያል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ነገ ጻፊ።

ሦስተኛው የዚህ ከተማ ነው። ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑ ወረቀት ሳትይዢ አደባባይ ላይ ካሜራ አታንሺ። ወረቀቱ ቢኖርሽም ድልድዩን፣ ወታደሩን፣ የመንግሥት ሕንፃውን ተዪ። እኔ አንድ ጊዜ ነጭ ዓባይ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሁና ለእህቴ ልልክላት በስልኬ አነሣሁ፤ ድልድዩ ጥግ ላይ ገብቶ ኖሯል። ፎቶውን አጥፍቼ፣ ስልኬ እንዲመለስልኝ ለምኜ፣ ሻይ ጋብዤ ነው የወጣሁት። ያ ሁሉ ለአንዲት ፀሐይ!

5. ድምፅ

አሁን ወደ ሙያዬ ገባሁ፤ እዚህ ላይ አትከራከሪኝ።

ተረት በጆሮ ነው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ሰው ይነሣል። ያሳየሽኝን የሙከራ ቀረፃ አዳመጥኩት፤ አዛውንቱ ተረት እየነገረ ከኋላው የጄኔሬተር ጉርምርምታ አለ። አንቺ አልሰማሽውም። ጁባ ያደገ ልጅ ጄኔሬተር አይሰማም፣ ዓሣ ውኃን እንደማያይ። እኔ ግን ይስሙት ስትይኝ ተረቱን ሳይሆን ካርቡሬተሩን ነበር የሰማሁት፤ ቆሽሿል፣ ይታጠብ።

በዚያ ሳሎን ጄኔሬተር አልነበረም። የነበረው የሃያ ልጅ ትንፋሽ፣ ከማድ ቤት የሚመጣ የሙቀጫ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ውሻ። ይህን ጁባ ላይ ለማግኘት እንዲህ አድርጊ። በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ የከተማው መብራት የገባላቸው ሰፈሮች አሉ (ገበያዬን ቀንሶብኛል፣ ግን እውነቱን ልናገር)፤ ቤት ስትፈልጊ መጀመሪያ ቆጣሪ ፈልጊ፣ ቀለሙን በኋላ ታዪዋለሽ። ቀጥሎ የጎረቤቱን ጄኔሬተር ቁጠሪ። ለእያንዳንዱ ባለቤት ሄደሽ "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያጥፉልኝ" ብለሽ ለምኚ፤ የነዳጁን አትክፈዪ፣ ምግብ ቤት ላለው ግን በረዶ ግዢለት፣ ፍሪጁ ይቀልጥበታላ። የሚቀናው ሰዓት ከንጋት በፊት ነው፤ የሌሊቱ ነዳጅ አልቆ የቀኑ ገና ያልተቀዳበት። የቦዳ ቦዳው ሞተር ሳይነሣ፣ ከአዛኑ በኋላ፣ ከቅዳሴው ደወል በፊት ትንሽ ጸጥታ አለች። እኔ ለዓመታት የምነቃው በዚያች ሰዓት ስለሆነ አውቃታለሁ።

ዝናብ ሲመጣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ተረት፣ ስብከትም አይሰማ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ዕድልሽን አትሞክሪ፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቅረፂ። የካቲት ሲገባ አቧራውና ሙቀቱ ካሜራሽንም አንቺንም ይጨርሳል።

6. ቀለም

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለቀለም የሆነው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ በ1984 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት አባባ ተስፋዬ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። እኔና ወንድሜ እሳቸው የለበሱት ኮት ቡናማ ነው፣ ሰማያዊ ነው ብለን ተማትተናል፤ ማንም ዳኛ አልተገኘም። የልብስ ቀለም ፍለጋ ገንዘብ አታባክኚ። ሳሎኑን በቀለም፣ ሳጥኑን በግራጫ አድርጊው፤ እንደነበረው።

7. ተዋናይ

ድምፃቸውን የሚያስመስል አትፈልጊ። አስመሳይ በየመጠጥ ቤቱ ሞልቷል፤ አምስት ደቂቃ ያስቃል፣ ስድስተኛው ላይ ይሰለቻል። ከልጅ ጋር መቀመጥ የሚችል ፈልጊ። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ ልጆቹን ግቢው ውስጥ ሰብስበሽ አንድ ተረት እንዲነግራቸው አድርጊ። ልጅ ውኃ ሊጠጣ ከተነሣ ሰውየው አይሆንም። ሽንት ይዞት እግሩን እያጠላለፈ ከተቀመጠ፣ ያን ሰው ቅጠሪው።

ስለ ወጣትነታቸው ደግሞ አንድ ነገር ስክሪፕትሽ ውስጥ አጣሁ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይዘው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። አይታይሽም? አንድ ወጣት መስታወት ፊት ተቀምጦ ሻሽ ያስራል፣ ድምፁን ያቀጥናል፤ ከውጭ ተመልካቹ ያፏጫል። ቆይቶ ጦጣውንም፣ አያ ጅቦንም፣ አሮጊቷንም በአንድ ጉሮሮ የሚያናግረው ሰው ሥራውን የለመደው እዚያ መስታወት ፊት ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አስባለሁ። ከኮርያው ጭስ ይልቅ ይኼን ቅረፂ። አንድ መስታወት፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሻሽ። መብራቱን እኔ እሰቅልልሻለሁ።

8. ገንዘብ

ሒሳብሽን በዶላር ያዢ፤ በፓውንድ የተያዘ በጀት ከሰኞ እስከ ዓርብ አይደርስም። የአባትሽን ቦቴ አታስይዢ። ሌላ የምለው የለኝም።

9. ልጆቹን ከዚህ ውሰጂ

አዲስ አበባ ሄደሽ ልጆች ለመቅረፅ አስበሻል። ለምን? የእኛ ልጆች እዚህ አሉ። ከእናታቸው ጋር በአማርኛ ወይ በትግርኛ፣ ከጎረቤት ጋር በጁባ ዓረብኛ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚያወሩ፤ "ተረት ተረት" ስትያቸው የሚመልሱትን የማያውቁ። አንዷን የወንድሜን የልጅ ልጅ ሞከርኳት፤ "ተረት ተረት" አልኳት፣ "እሺ፣ ቀጥል" አለችኝ። ሳቅኩ፣ በኋላ ግን ቆጨኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለማ፣ እኔ ጄኔሬተር ስጠግን ነው የኖርኩት። እነሱን ወለሉ ላይ አስቀምጪ፣ የዚያን ጊዜ ልብስ አልብሺ፣ መልሱን ግን አስቀድመሽ አታስጠኚያቸው። መቼ እንደሚነሡ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጎነብስ፣ ማን ማንን እንደሚጎሽም ራሳቸው ይፈልጉት። መስኮቱ ላይ ከሰፈሩ ልጅ አንዱን አቁሚ፣ እናቱን አስፈቅደሽ።

ይኼ ፊልም ካማረ ደግሞ እዚሁ አጠገብሽ ሌላ ሥራ ይጠብቅሻል። የዚህ አገር ሰው ታባን ሎ ሊዮንግ የሉዎን ሕዝብ ተረትና አፈ ታሪክ በፈረንጆቹ በ1970 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል፤ ጁባ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። ግን እሱ የሌላ ጊዜ ጨዋታ ነው፤ አሁን ሁለት ጥንቸል አታባሪ።

ሱቄ ውስጥ ከጄኔሬተሮቹ ኋላ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፤ የእንጨት ሳጥን ያለው፣ አንድ ሰውዬ በዕዳ ትቶብኝ የሄደ። አይሠራም፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። የኋላ ክዳኑን ፈትቼ ቱቦውን አወጣዋለሁ፤ በቦታው አምፖል አስገብቼ፣ ከፊቱ ስስ ወረቀት ለጥፌ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የምታደርጊበት ማጥፊያ እገጥምለታለሁ። ልጆቹ ፊት ላይ ያ ግራጫ ብርሃን ይመጣልሻል። ዳንቴሉን ከእናትሽ ተቀበዪ፤ የሠርጓ አንድ አላት፣ አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነዪ፤ ማታ በቦዳ እንዳትመጪ። እስከ ሦስተኛው ገጽ ያለውን ቤት ተዪው፤ እድፍ ካለበት ገጽ ጀምረሽ አምጪ።